የልዕለ ጀግኖች ሠዓሊው ጃክ ኪርቢ ሕይወትና ሥራ

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ማፈግፈግ ጀመረ። እንደ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ባሉ መሪዎች ሥር በዱር በገደሉ ለዓመታት ሲዋጉ የቆዩት የጎጃም አርበኞች ከሱዳን ከገባው የጌዲዮን ጦር ጋር በመሆን ዛሬ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደምበጫን የሚያገናኘውን መሥመር ከጠላት ነፃ አወጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚሁ አቅጣጫ ተጉዘው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያው ወር ስም ታትሞ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 1941 የሚል ቀን ተጽፎበት፣ በአሜሪካ የጋዜጣ መሸጫዎች ይሸጥ የነበረ አንድ ባለ ቀለም መጽሔት ነበር። በሽፋኑ ላይ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት የለበሰ ወጣት የፋሽስቱን አለቃ አዶልፍ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል። መጽሔቱ ለገበያ የቀረበው በዲሴምበር 1940 ሲሆን፣ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቆይታ ነው። የቡሬ ገበሬና የኒውዮርክ ሠዓሊ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር ነበር ለማለት አይቻልም። የተነሡበት ጠላት ግን አንድ ወገን ነበር። ያንን ሥዕል የሣለው ወጣት ጃክ ኪርቢ ይባላል።

ኪርቢ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1917 በኒውዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ሎወር ኢስት ሳይድ በተባለው የድሆች ሠፈር ተወለደ። የተወለደበት ስም ጃኮብ ኩርትዝበርግ ነው። ወላጆቹ ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥሮ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ሠፈሩ በጠባብ ክፍሎች በታጨቁ ስደተኞች የተሞላ፣ የአንዱ መንገድ ልጆች ከሌላው መንገድ ልጆች ጋር በድንጋይና በቡጢ የሚጋጠሙበት ነበር። ጃኮብም ከዚህ አልራቀም። የሰው አካል በምት ጊዜ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚወድቅና እንዴት ተወርውሮ እንደሚነሣ ያየው በዚያ ነው። በኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ከወረቀቱ ወጥተው በአንባቢው ላይ የሚወድቁ እስኪመስሉ ድረስ የሚታየው ኃይል ምንጩ ይኸው የልጅነት ኑሮ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በሥዕል ረገድ ብዙ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ ፕራት ኢንስቲትዩት በተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ቢመዘገብም የቆየው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። መምህራኑ በአንድ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ሲፈልጉ እርሱ ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላው መሸጋገርን ይመርጥ ነበር። ስለዚህ የጋዜጣ ሥዕሎችንና ፊልሞችን እያየ ራሱን በራሱ አስተማረ። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በፍላይሸር የካርቱን ፊልም ድርጅት ፖፓይ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ከሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች አንዱ ሆነ። በረድፍ ተቀምጦ የአንድን እንቅስቃሴ ቁርጥራጭ መሣል የአባቱን ፋብሪካ ስላስታወሰው ሥራውን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ኮሚክ ስለሚባለው የጥበብ ዘርፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኮሚክ አንድ ታሪክ በተከታታይ በተደረደሩ የሥዕል ክፍሎች የሚነገርበት፣ የገጸ ባሕርያቱም ንግግር በሥዕሉ ውስጥ የሚጻፍበት የኅትመት ሥራ ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ የቅዱሳን ገድል በተራ በተራ ተሥሎ ይገኛል፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክም በሸራ ላይ በረድፍ በተከፋፈሉ ሥዕሎች ሲቀርብ የኖረ ነው። ልዩነቱ የአሜሪካው ኮሚክ በርካሽ ወረቀት ላይ በመቶ ሺሕዎች ታትሞ በ10 ሳንቲም ለሕፃናት ይሸጥ የነበረ ሸቀጥ መሆኑ ነው። ሠዓሊውም በሠራው ገጽ ልክ የሚከፈለው የእጅ ሥራ ባለሙያ እንጂ ደራሲ ተብሎ የሚከበር ሰው አልነበረም።

ኪርቢ እ.ኤ.አ. በ1940 ጆ ሳይመን ከተባለ አርታኢና ሠዓሊ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ ታይምሊ ለተባለው አሳታሚ ካፒቴን አሜሪካን ፈጠሩ። የመጀመሪያው እትም አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። በዚያ ጊዜ በኒውዮርክ የናዚ ደጋፊዎች በአደባባይ ይሰለፉ ስለነበር የማስፈራሪያ ደብዳቤዎች ወደ ቢሮው ጎረፉ፤ የከተማው ፖሊስም ጥበቃ መደበ። አሳታሚው ከትርፉ ለፈጣሪዎቹ ሊከፍል ቃል የገባውን ድርሻ በአግባቡ አልሰጠም በሚል ግን ሳይመንና ኪርቢ ከአሥረኛው እትም በኋላ ለቅቀው ለሌላ ድርጅት መሥራት ጀመሩ። ይህ በኪርቢ ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1942 ሮዛሊንድ ጎልድስታይንን አገባ፤ ከጊዜ በኋላ አራት ልጆች አፈሩ። ስሙንም በሕግ ጃክ ኪርቢ አሰኘ። በቀጣዩ ዓመት ለውትድርና ተጠራ።

በወረቀት ላይ ሂትለርን የመታው ሰው አሁን በእውነተኛው ጦር ሜዳ ተገኘ። በኦገስት 1944 ኖርማንዲ ከደረሰ በኋላ በጄኔራል ፓተን ሦስተኛ ጦር ሥር በ11ኛው እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ተዋጋ። አንድ የበላይ መኮንን ካፒቴን አሜሪካን የሣለው እርሱ መሆኑን ሲሰማ ለሠዓሊነቱ ማረፊያ የሚሆን ቦታ አልሰጠውም። ከጦሩ ቀድሞ ወደ ጠላት ይዞታ እየተጠጋ ያየውን ሥፍራ እንዲሥል አዘዘው። ለቃኚ የሚሰጠው ሥራ ከሁሉ የከፋው ነው። በዚያው ክረምት እግሮቹ በብርድ ተጎድተው ለንደን ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሞች እግሮቹን እስከ መቁረጥ አስበው ነበር፤ ሆኖም ዳነ። በጁላይ 1945 በተራ ወታደርነት ማዕርግ ተሰናበተ። የጦርነቱ ቅዠት ግን ለብዙ ዓመታት አልለቀቀውም።

ከጦርነቱ በኋላ ከሳይመን ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1947 ያንግ ሮማንስ የተባለውን የፍቅር ታሪክ ኮሚክ ጀመረ። በዓይነቱ የመጀመሪያ የነበረው ይህ መጽሔት እጅግ ተሸጠ። በ1954 ኮሚክ ወጣቶችን ያባልጋል የሚለው ክርክር የአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ አሳታሚዎች ራሳቸውን የሚገድቡበት የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ፤ ብዙ ድርጅቶችም ተዘጉ። ሳይመንና ኪርቢ ያቋቋሙት የግል ማተሚያ ድርጅትም ከከሰሩት አንዱ ሆነ።

ኪርቢ ተመልሶ የመጣበት በር ቀድሞ የለቀቀው ነበር። ታይምሊ ስሙን ለውጦ ማርቭል ሊባል በተቃረበበት በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አርታኢው ስታን ሊ ጋ ገብቶ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሁለቱ ፋንታስቲክ ፎርን አወጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የወጣው ሥራ ብዛት ዛሬም ያስገርማል። ሃልክና ቶር በ1962፣ ኤክስ ሜንና አቬንጀርስ በ1963፣ ሲልቨር ሰርፈር በ1966 ተፈጠሩ። ኪርቢ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ሌሊቱን ሲሠራ ያድር ነበር። እነዚህ ጀግኖች ከቀደሙት የሚለዩት ጉድለት ያለባቸው መሆናቸው ነው። እርስ በርስ ይጣላሉ፤ በኃይላቸውም ይሠቃያሉ። ድንጋይ ለባሹ ቤን ግሪም የሎወር ኢስት ሳይድ ድሃ ልጅ ሲሆን፣ ኪርቢ በእርሱ ውስጥ ራሱን እንደሣለ ይታመናል።

በጁላይ 1966 በወጣው የፋንታስቲክ ፎር 52ኛ እትም ላይ ጥቁሩ ግስላ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ብላክ ፓንተር፣ ታየ። በታላላቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ኮሚክ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ጀግና ነው። ወቅቱ በአሜሪካ የጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል የተፋፋመበት፣ በአፍሪካም አገሮች ነፃነታቸውን በተከታታይ የሚቀዳጁበት ነበር። ገጸ ባሕርዩ ዋካንዳ የምትባል በቅኝ ገዢ እጅ ያልወደቀች፣ በሥልጣኔ የላቀች አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ነው። ዋካንዳ የምናብ አገር ናት፤ ቢሆንም ወራሪን የመለሰች አፍሪካዊት አገር የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በ2018 በወጣው የብላክ ፓንተር ፊልም ውስጥ ከታዩት አለባበሶችና ጌጣጌጦች መካከል ከሱርማና ከሙርሲ ሕዝቦች የተወሰደው የከንፈር ጌጥ ይገኝበታል።

የሥራው አካሄድ በኋላ ለተነሣው ክርክር መነሻ ሆነ። ስታን ሊና ኪርቢ ስለ ታሪኩ በአጭሩ ይወያያሉ፤ ኪርቢ ገጾቹን በሙሉ አቀናጅቶ ይሥላል፤ ከዚያ ሊ ንግግሩን ይጽፍበታል። ታሪኩን ማን ፈጠረው የሚለው ጥያቄ በዚህ አሠራር ግልጽ መልስ አልነበረውም። የሁለቱም ድርሻ ትልቅ ለመሆኑ የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ በጋዜጦች የገነነው ባለ አንደበቱ ሊ ሲሆን፣ ኪርቢ ጎልቶ አልታየም። ክፍያው በገጽ ነበር። ጡረታ የለም፤ የጤና መድን የለም፤ ከሽያጩም የሚደርሰው ድርሻ አልነበረም። ደመወዙ በሚከፈልበት ቼክ ጀርባ ላይ መብቱን ሁሉ ለድርጅቱ እንዳስተላለፈ የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። ቼኩን ለመመንዘር ከጽሑፉ ሥር መፈረም ግድ ነው። አራት ልጆች ያሉት ሰው በዚህ ሁኔታ የሚያደርገው ምርጫ ብዙ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ማርቭልን ለቅቆ ወደ ተፎካካሪው ዲሲ ሄደ። በዚያም የአማልክትን ጦርነት የሚተርኩ ተያያዥ መጽሔቶችን ጀመረ፤ ዳርክሳይድ የተባለው ጨካኝ ገዥ የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ሥራው ሳይጠናቀቅ በዲሲ ውሳኔ ተቋረጠ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ማርቭል ተመልሶ ኢተርናልስን ፈጠረ፤ ከ1978 በኋላ ግን ወደ ካርቱን ፊልም ሥራ ፊቱን አዞረ። በዕድሜው መጨረሻ አስተማማኝ ደመወዝና የጤና መድን ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ለአንድ ያልተሠራ ፊልም ያዘጋጃቸው ሥዕሎችም ያልተጠበቀ ጥቅም ሰጡ። በ1980 በቴህራን ተደብቀው የነበሩ ስድስት አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች የፊልም ሠራተኞች መስለው ሲወጡ፣ ለሽፋኑ ማስመሰያ ከቀረቡት ነገሮች መካከል የኪርቢ ሥዕሎች ነበሩበት።

በ1980ዎቹ አሳታሚዎች በእጅ የተሣሉትን ዋና ገጾች ለሠዓሊዎች መመለስ ጀመሩ። ማርቭል ሌሎች ሠዓሊዎች አንድ ገጽ የስምምነት ሰነድ ፈርመው እንዲረከቡ ሲያደርግ፣ ለኪርቢ ግን በ1984 ባለ አራት ገጽ ሰነድ ላከ። ሰነዱን ቢፈርም የሚመለስለት 88 ገጽ ብቻ ነበር። ለድርጅቱ የሣላቸው ገጾች በሺሕዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ኪርቢ አልፈርምም አለ። የሙያ ባልደረቦቹ በአደባባይ ከጎኑ ቆሙ፤ ጉዳዩም የብዙ ሠዓሊዎች ጉዳይ ሆነ። በ1987 በተሻሻለ ሰነድ 1,900 ያህል ገጾችን ተረከበ። የቀሩት በየጊዜው ከመጋዘን የወጡ፣ የተሰረቁና በየገበያው የተሸጡ ነበሩ።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ተቀጣሪ በሥራው ላይ የሚያወጣው ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት አሠሪው ነው። የሥራው አመንጪ ሆኖ የመታወቅ የሞራል መብት ግን የአመንጪው ነው። ኪርቢ አብዝቶ የጠየቀውም በስሙ መጠራትን ነበር።

ጃክ ኪርቢ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ፣ ታውዘንድ ኦክስ በሚገኘው ቤቱ በልብ ሕመም በ76 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወት ዘመኑ ከ20,000 በላይ ገጾች እንደሣለ ይገመታል። ባለቤቱ ሮዛሊንድ በ1997 ተከተለችው። የፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት የዓለም የፊልም ገበያን የተቆጣጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዲዝኒ ማርቭልን ለመግዛት በተስማማበት በ2009 ልጆቹ የቅጂ መብት ማቋረጫ ማስታወቂያ ለኩባንያዎቹ ላኩ። ጉዳዩ በፌዴራል ፍርድ ቤት ታይቶ በ2011 ማርቭል ረታ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2013 ውሳኔውን አጸና። ቤተሰቡ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። ዳኞቹ አቤቱታውን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ሊመካከሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በሴፕቴምበር 2014 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። የስምምነቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጠም። በ2017 ዲዝኒ ለላቀ አስተዋጽኦ የሚሰጠውን ክብር ለኪርቢ ሲሰጥ ልጁ ኒል ተገኝቶ ተቀበለ።

በተከታዩ ዓመት በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለ ድርጅት ጀምበር የተሰኘውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአንባቢ አቀረበ።