ማግኑስ ሂርሽፌልድ እና የበርሊን የሌሊት ሕይወት፦ ከፖሊስ ቸልታ እስከ መጻሕፍት ቃጠሎ

በበርሊን ከተማ በኖለንዶርፍ አደባባይና በሞትስ ጎዳና ዙሪያ የሚገኘው የሾነበርግ ሰፈር በ1920ዎቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በግልጽ የሚገናኙበት፣ በመጠጥና በጭፈራ ቤቶቹ የታወቀ አካባቢ ነበር። ሕግ ስለሚከለክለው ኑሮ የሚገኘው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በበርሊን ግን ይህን ሕይወት ከውስጥ ሆኖ የመዘገበ ሐኪም ነበር። ይህ ጽሑፍ የማግኑስ ሂርሽፌልድን የሕይወት ታሪክ በመከተል፣ የከተማዋ የሌሊት ነጻነት በሕግ ዋስትና ሳይሆን በባለሥልጣናት ቸልታ ላይ የቆመ እንደነበረ ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሂርሽፌልድ በግንቦት 14 ቀን 1868 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኮልበርግ ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ሐኪም ነበር፤ እሱም ሕክምና አጥንቶ በ1892 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። በማግደቡርግ ጥቂት ከሠራ በኋላ በ1896 በበርሊን አጠገብ ወደምትገኘው ሻርሎተንቡርግ ተዛወረ። የምርምሩን አቅጣጫ ከወሰኑት ክስተቶች አንዱ የአንድ ታካሚው ሞት ነው፤ ታካሚው የጦር መኮንን ሲሆን፣ ሊያገባ በተቃረበበት ጊዜ ሕይወቱን አጥፍቶ ለሂርሽፌልድ ደብዳቤ ትቶለት ነበር። ሂርሽፌልድ ስለ ጉዳዩ የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1896 በብዕር ስም አሳተመ። በግንቦት 1897 ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሳይንሳዊ ሰብአዊ ኮሚቴ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። የማኅበሩ ዋና ዓላማ በወንዶች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 175 እንዲሻር ማድረግ ነበር። አቤቱታውን ከፈረሙት አንዱ የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ አውጉስት ቤበል ሲሆን፣ በ1898 ጉዳዩን በምክር ቤት አንሥቶ ተናግሯል።

የሂርሽፌልድ ዘዴ መጠየቅ፣ መቁጠርና መመልከት ነበር። በ1903 ለሻርሎተንቡርግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መጠይቅ ላከ፤ አንዳንድ ተማሪዎች ተሰድበናል ብለው ስለከሰሱት ፍርድ ቤት መቀጮ ጣለበት። በ1904 ያሳተመው የበርሊን ሦስተኛ ጾታ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ከተማዋ የሌሊት ሕይወት ከተጻፉት ቀደምት ምንጮች አንዱ ነው። በጦር ሠፈሮች አጠገብ ወታደሮች የሚያዘወትሯቸውን መጠጥ ቤቶች፣ በክረምት የሚካሄዱትን ታላላቅ የጭፈራ ምሽቶች፣ ከቤተሰብ የተለዩ ሰዎች በገና ዋዜማ የሚሰማቸውን ብቸኝነት ጭምር ይገልጻል።

ሕጉ ጸንቶ ሳለ እነዚህ ቤቶች ሊከፈቱ የቻሉት በፖሊስ አሠራር ምክንያት ነው። የበርሊን ፖሊስ ከ1885 ጀምሮ ለጉዳዩ የተለየ ክፍል ነበረው። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊቱን እንጂ አብሮ መጠጣትንና መጨፈርን አልነበረም፤ ድርጊቱን በማስረጃ ማረጋገጥም አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ፖሊስ ቤቶቹን ከመዝጋት ይልቅ መከታተልን፣ ምስጢር አወጣለሁ እያሉ ገንዘብ የሚነጥቁትን ማደንንም መረጠ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሳንሱር ሲላላ ይህ ሕይወት ይበልጥ ተስፋፋ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጽሔቶች በየጋዜጣ መሸጫው ታዩ፤ በሾነበርግ የነበረው ኤልዶራዶ የተባለው ጭፈራ ቤት የውጭ አገር ጎብኚዎችን ሳይቀር ሳበ። ሂርሽፌልድም በሐምሌ 1919 በቲርጋርተን አካባቢ የጾታ ሳይንስ ተቋምን ከፈተ። ተቋሙ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር ነበረው። የሐኪሞቹን ማረጋገጫ የያዙ ሰዎች በተወለዱበት ጾታ ያልተለመደ ልብስ ለብሰው ለመንቀሳቀስ ከፖሊስ ፈቃድ ያገኙ ነበር።

ሂርሽፌልድ ከትችት ነጻ አይደለም። በ1907 በአንድ ታላቅ የፖለቲካ ቅሌት ችሎት የሰጠው የባለሙያ ምስክርነት ንቅናቄውን እንደጎዳው በዘመኑም ተነግሯል፤ የሰው ዘርን ተዋልዶ በመቆጣጠር ማሻሻል ይቻላል ለሚለው ትምህርትም ድጋፍ ነበረው። ሆኖም ዋናው ግቡ እስከ ደጃፍ ደርሶ ነበር። በጥቅምት 1929 አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ዋናው ክልከላ እንዲሻር ድምፅ ሰጠ፤ ውሳኔው ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ።

የዚህ ጉድለት ውጤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። ከ1932 ጀምሮ ፖሊስ በጭፈራ ቤቶቹ ላይ ቁጥጥሩን አጠበቀ፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ ኤልዶራዶ ተዘግቶ ግድግዳው በምርጫ መፈክሮቻቸው ተሸፈነ። ቸልታ የሰጠውን ለመንሣት አዲስ ሕግ አላስፈለገም። በግንቦት 6 ቀን 1933 ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉ፤ ከአራት ቀን በኋላም ከቤተ መጻሕፍቱ የተወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት በኦፔራ አደባባይ ተቃጠሉ። በ1930 መጨረሻ ለዓለም ዙር ጉዞ ወጥቶ ወደ ጀርመን ያልተመለሰው ሂርሽፌልድ ቃጠሎውን በፓሪስ ሲኒማ ቤት በዜና ፊልም ተመለከተ። በግንቦት 14 ቀን 1935፣ ስልሳ ሰባት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ በኒስ ከተማ አረፈ። በዚያው ዓመት አንቀጽ 175 ይበልጥ ጠበቀ፤ ከጀርመን ሕግ ፈጽሞ የተፋቀው በ1994 ነው።

ከዚህ ታሪክ ለከተማ ታሪክ ተመራማሪዎች ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የአንድ ሰፈር የሌሊት ሕይወት መድመቁ ብቻውን የነዋሪዎቹን መብት መከበር አያመለክትም፤ የሚመረመረው ድምቀቱ የቆመበት መሠረት ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ ቅጂ የታተመው የ1904ቱ መጽሐፍ ለዘመናችን ሲደርስ፣ በአንድ ሕንፃ የተከማቸው መዝገብ በአብዛኛው ጠፍቷል። በኖለንዶርፍ አደባባይ የባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከ1989 ጀምሮ በናዚ ዘመን የሞቱትን የሚዘክር ሮዝ ሦስት ማዕዘን ጽላት ተሰቅሏል፤ ሰፈሩም ዛሬ በአካባቢው ባሉት መጠጥና ጭፈራ ቤቶች ይታወቃል።