ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ተማሪዎች

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ቋራ ተወለዱ፤ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። መድፍ ከመግዛት መድፍ ሠሪ ማፍራት እንደሚሻል አስበው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው የአገራችን ወጣቶች ከእነርሱ ጥበበ እድ እንዲማሩ አደረጉ። መምህራኑ ራሳቸው መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበርና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ቢሆንም እየደጋገሙ ሞክረው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ንጉሡም ከሠራዊታቸው ጋር በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት ጥበብ በአንድ ንጉሥ ፈቃድ የቆመ ነበርና ከእርሳቸው ጋር ቀረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ንጉሡ ከመድፉ ጀመሩ። እኛ ግን ከሂሳብና ከፊዚክስ ጀምረን፣ ለጋይንት ወንዞች ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ለመሆን እንትጋ።