ሐሰን ፈትሒ፦ ቦታውን አይተው የገነቡ አርክቴክት

ዛሬ የምናስታውሳችሁ ግብጻዊውን አርክቴክት ሐሰን ፈትሒን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 በእስክንድርያ ተወልደው በ1926 ካይሮ ውስጥ በአርክቴክቸር ተመረቁ። በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ቤት ማለት የአውሮፓን ቤት የሚመስል ማለት ነበር። ፈትሒ ግን ሲሚንቶና ብረት ለመግዛት አቅም የሌለው ገበሬ ከእግሩ ሥር አፈር እንዳለው አስተዋሉ።

ችግሩ ጣሪያው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንጨት ጠፋ፤ ያለ እንጨት የሞከሩት የጭቃ ጡብ ጣሪያም ተደረመሰ። በ1941 ወደ አስዋን ሄደው የኑብያ ግንበኞችን አገኙ። ግንበኞቹ የመጀመሪያውን የጡብ ረድፍ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ዘንበል አድርገው ያስደግፋሉ፤ ቀጣዩን በእርሱ ላይ፣ እንዲህ እያሉ ያለ አንዲት ጣውላ ቅስት ጣሪያ ያቆማሉ። መፍትሔው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከመንደር ተገኘ።

ከ1945 ጀምሮ በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርናን ገነቡ። መስጊድ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ያለው የጭቃ ጡብ መንደር ነበር። ሆኖም በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ይኖሩ የነበሩት የጉርና ሰዎች ቀያቸውን መልቀቅ አልፈለጉም፤ ሥራውም ሳይጠናቀቅ ቀረ። ለአፈሩና ለአየሩ የተስማማ ቤት የሚኖርበት ሰው ካልፈለገው ባዶ እንደሚቀር ከዚህ እንማራለን። ፈትሒ ታሪኩን በመጽሐፍ አስፍረውታል፤ መጽሐፉም በ1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተነበበ።

በ1971 ከእስክንድርያ በስተምዕራብ በሲዲ ክሬር ባሕር ዳርቻ ለራሳቸው ማረፊያ ቤት ሠሩ። ሁልጊዜ በጭቃ ስለሚታወቁ እዚያም ጭቃ አላጓጓዙም፤ ያካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ በእርሱ ገነቡ። ጉልላቱ፣ ቅስቱና ግቢው የቀድሞ አባቶች ጥበብ ነው። ወፍራም ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ ከፍ ያለ ጉልላት ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይወስዳል፤ ግቢው ጥላ ይሰጣል፣ የቤተሰብንም ገመና ይጠብቃል።

በ1980 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት የሊቀ መንበሩን ልዩ ሽልማት አገኙ። በ1989 ካይሮ ውስጥ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ምህንድስና የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች! ነገ ፕላን ከመንደፋችሁ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ መሬቱ ምን እንደሚሰጥ፣ የሚኖርበት ሰውም ምን እንደሚሻ ጠይቁ።