አልበርት ናማትጂራ፥ የአገሩን ተራሮች የሣለ ሰው

የአልበርት ናማትጂራን ሕይወት ባሰብን ጊዜ ልባችን በደስታና በኀዘን ይከፈላል። ይህ የአረርንቴ ነገድ ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በመካከለኛው አውስትራልያ፥ በሉተራውያን የሄርማንስበርግ ሚስዮን ተወለደ። ስሙ ኤሌያ ነበረ፤ ወላጆቹ ክርስትናን በተቀበሉ ጊዜ ግን አልበርት ተብሎ ተጠመቀ። በ1936 ሬክስ ባተርቢ የተባለውን ሠዓሊ ግመል እየነዳ በምድሩ መራው፤ እርሱም በውሃ ቀለም መሣልን አስተማረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሜልበርን ያሳያቸው ሥዕሎች ሁሉ ተሸጡ።

ዝናው ቢሰፋም፥ ለከብት ማሰማሪያ መሬት በጠየቀ ጊዜ ተከለከለ። በ1957 እርሱና ሚስቱ ሩቢና የዜግነት መብት ሲሰጣቸው፥ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው አላገኙም። ያለውን ለወገን ማካፈል የሕዝቡ ሥርዓት ነበር፤ ሕጉ ግን ለዘመዱ መጠጥ ሰጥቷል ብሎ በ1958 ፈረደበት። ሁለት ወር ያህል በፓፑንያ በግዞት ቈየ፤ በ1959 በአሊስ ስፕሪንግስ ዐረፈ።

ዛሬም በዚያች ከተማ፥ ትርጓሜው ብዙ እጆች በሆነው በኢልቻ ንጃራ የሥዕል ቤት፥ ዘሮቹ ያንኑ ምድር በውሃ ቀለም ይሥላሉ። እኛም ሥራውን ስናደንቅ፥ እጁን አክብሮ ወገኑን የናቀ ሕግ እንዴት እንዳቈሰለው አንርሳ።