ባል ጋንጋድሃር ቲላክ እና የህንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 124ሀ

ባል ጋንጋድሃር ቲላክ እ.ኤ.አ. በ1856 በራትናጊሪ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ከጥብቅና ይልቅ ማስተማርንና ጋዜጠኝነትን መረጠ፤ በ1881ም ከባልደረቦቹ ጋር በፑኔ «ኬሳሪ» የተባለውን የማራቲ ቋንቋ ጋዜጣ መሠረተ።

በ1897 ወረርሽኝ ለመግታት በወታደሮች የተካሄደው የቤት ለቤት ፍተሻ የፑኔን ሕዝብ አስቆጥቶ ነበር። የፍተሻው ኃላፊ ዋልተር ራንድ በጥይት ተገደለ። ቲላክ በግድያው አልተከሰሰም፤ የተከሰሰው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በጋዜጣው በወጡ ጽሑፎች ነው። አንቀጽ 124ሀ የሚቀጣው የሕዝብን ልብ በመንግሥት ላይ ማሸፈትን ነበር። ለመሆኑ ልብ ሸፈተ የሚባለው መቼ ነው? ዳኛ አርተር ስትራቺ ለጁሪው በሰጠው ማብራሪያ፣ ለመንግሥት ፍቅር ማጣት ራሱ በቂ እንደሆነ፣ ለአመጽ መቀስቀስም አስፈላጊ እንዳልሆነ ገለጸ። ስድስቱ አውሮፓውያን የጁሪ አባላት ጥፋተኛ ሲሉት ሦስቱ ህንዳውያን ተቃወሙ። አሥራ ስምንት ወር ተፈረደበት። በ1898 ሕጉ ሲሻሻልም ይኸው ሰፊ ትርጉም ጸና።

በ1908 በሙዛፈርፑር ከተጣለው ቦምብ በኋላ ባሳተማቸው ርዕሰ አንቀጾች ዳግም ተከሰሰ። ችሎቱን የመራው ዲንሻው ዳቫር፣ በ1897 ጠበቃ ሳለ ለዚሁ ተከሳሽ ዋስትና ያስፈቀደ ሰው መሆኑ ያስገርማል። ቲላክ ራሱ ቀናት የፈጀ መከላከያ ቢያሰማም ጁሪው ሰባት ለሁለት ወሰነበት፤ ስድስት ዓመት ግዞትና 1,000 ሩፒ መቀጮ ተጣለበት። የቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በእያንዳንዱ ዓመት ልክ አንድ ቀን፣ በድምሩ ስድስት ቀን ሥራ አቆሙ። እርሱ በማንዳላይ እስር ቤት በባገቫድ ጊታ ላይ ሰፊ ትርጓሜ ጻፈ፤ ሚስቱም በዚያው ሳለ ሞተች።

በ1916 በንግግሮቹ ምክንያት የመልካም ጠባይ ዋስ እንዲጠራ ታዘዘ። መሐመድ አሊ ጂናህ ተከራከረለት፤ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ንግግሮቹ ሐረግ እየተመዘዘ ሳይሆን በሙሉ መነበብ እንዳለባቸው ወስኖ ትእዛዙን ሻረ። ይህን ውሳኔ የ1897ቱ ፍርድ መሻሪያ አድርጎ ማየት ግን ማጋነን ነው። የተለወጠው የንባቡ ስልት እንጂ የወንጀሉ ትርጉም አልነበረም።

ቲላክ በነሐሴ 1920 በቦምቤይ ሞተ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬዳር ናት ሲንግ ጉዳይ የስትራቺን ማብራሪያ መርምሮ፣ አንቀጹ አመጽን ወይም ሁከትን በሚያነሳሱ ቃላት ላይ ብቻ እንዲሠራ የወሰነው በ1962 ነው።