ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ባሕርን በሙዚቃ የሣለው ዴሊየስ

ቤተሰቦች፣ ዛሬ ከተለመደው ዜና ወጣ ብለን የአንድ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ታሪክ ይዘን መጥተናል። ፍሬድሪክ ዴሊየስ ይባላል። የኦርኬስትራ አልበሞቹን ስትሰሙ ግጥም የለም፣ ዘፋኝም የለም። ወንዝ፣ ወፍ፣ የበጋ ምሽት ግን አለ።

ዴሊየስ በ1862 እ.ኤ.አ. ብራድፎርድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የሱፍ ነጋዴ ስለነበሩ ልጃቸውም ነጋዴ እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። የእሱ ልብ ግን ሙዚቃ ላይ ነው። በ1884 የብርቱካን እርሻ ሊያስተዳድር ወደ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሄደ። እርሻው አልሆነለትም። ማታ ማታ ወንዝ ዳር ሆኖ ይሰማው የነበረው የጥቁር ሠራተኞች ዜማ ግን ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም፤ በኋላ በጻፈው "ፍሎሪዳ ስዊት" ውስጥም ገባ።

ከዚያ ፈረንሳይ ገብቶ ግሬ በምትባል መንደር ከሠዓሊዋ ባለቤቱ ከዬልካ ጋር ኖረ። የአትክልት ቦታቸው እስከ ወንዙ ይደርስ ነበር። በ1911 እና በ1912 ስለ በጋ ሌሊት ወንዝና ስለ ኩኩ ወፍ የጻፋቸው ሁለት አጫጭር ሥራዎች እስከ ዛሬ በጣም ከሚደመጡለት ውስጥ ናቸው።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በወጣትነቱ የያዘው ቂጥኝ፣ ያኔ ፔኒሲሊን ስላልነበረ፣ ቀስ በቀስ ሰውነቱን ሽባ አደረገው፤ ዓይኑንም አጠፋው። ሙዚቃው ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ የሚጽፍበት እጅ ግን የለውም።

በ1928 ኤሪክ ፌንቢ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ይህን ሰምቶ ደብዳቤ ጻፈለት። ላግዝህ አለው፤ መጣም። የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልተሳካም። ዴሊየስ ዜማውን ለማሰማት ሲያንጎራጉር ልጁ ምንም ሊገባው አልቻለም። ተስፋ አልቆረጡም። ቀስ በቀስ መንገዱን አገኙት፦ ዴሊየስ የኖታውን ስም፣ ርዝመቱንና የሚጫወተውን መሣሪያ ይናገራል፤ ፌንቢ ይጽፋል። አንድ በአንድ።

"የበጋ ዜማ" የተባለው ሥራ የተጠናቀቀው እንዲህ ነው። ዴሊየስ ለፌንቢ ያስረዳው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ቁልቁል እንደሚያይ ሰው እንዲያስብ ነበር። ሥራው በ1931 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ዴሊየስ በ1934 አረፈ።

አልበሞቹ ሽፋን ላይ ጎልቶ የሚታየው የዴሊየስ ስም ነው። ያንን ዜማ ወረቀት ላይ ያሰፈረው እጅ ግን የፌንቢ ነው፤ እኛም ስሙን አብረን ልናነሳው ወደድን።

እናንተስ በ22 ዓመታችሁ ፌንቢ ቦታ ብትሆኑ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ቀን በኋላ ትቆዩ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።