ከዛፍ ጥላ ሥር እስከ ኖቤል ሽልማት፤ የዶክተር ሐር ጎቢንድ ኮራና ሕይወት

ከመቱ ወደ በደሌ ሲኬድ መንገዱ በያዮ በኩል ያልፋል። በያዮ ደን በሚበቅለው በእያንዳንዱ የቡና ቅጠል ውስጥ፣ እንዲሁም በእኛው በሰዎች ሰውነት ውስጥ፣ ላይጌዝ የተባለ ኢንዛይም ይገኛል። ተግባሩም የተበጠሰውን መቀጠል ነው። የዘርን ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው ዲ.ኤን.ኤ. ከሁለት ክር የተገመደ ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ላይጌዝ ጫፍና ጫፉን ያያይዘዋል። ይህን ኢንዛይም ለታላቅ ሥራ ካዋሉት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ሐር ጎቢንድ ኮራና ናቸው።

ኮራና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ባለችው በራይፑር መንደር ተወለዱ። የመንደሪቱ ነዋሪዎች 100 ያህል ነበሩ። አባታቸው የእርሻ ግብር የሚመዘግቡ የመንግሥት ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ድሀ ቢሆኑም ልጆቻቸውን ከማስተማር አልቦዘኑም። ኮራና የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የተማሩት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው።

በላሆር ተምረው፣ በመንግሥት ድጋፍ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በ1948 ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1949 ወደ ሕንድ ሲመለሱ ግን በሙያቸው የሚቀጥራቸው አጡ። ስለዚህም ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያም ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያለው መመሪያ እንዴት እንደሚነበብ በማስረዳታቸው፣ በ1968 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ቀጥሎም ሙሉ ጂን ለመሥራት ተነሡ። ይሁን እንጂ በኬሚስትሪ ዘዴ የሚሠሩት አጫጭር ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ላይጌዝ በ1967 ተገኝቶ ነበርና ቁርጥራጮቹን በተራ አሰልፈው መጋጠሙን ለኢንዛይሙ ተዉለት። በዚህ ዘዴ የተሠራው፣ 77 ጥንድ ፊደላት ያሉት የእርሾ ጂን በ1970 ለዓለም ተገለጸ። በ1976 ደግሞ ሌላ ሰው ሠራሽ ጂን በባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ እንደ ተፈጥሮው ጂን ሠራ።

ዛሬ በየላቦራቶሪው አንዱ ጂን ከሌላው ጋር የሚቀጠለው በአብዛኛው በላይጌዝ ነው። ለስኳር በሽተኞች የሚሰጠው የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ሊመረት የቻለው በዚሁ ጥበብ ነው፤ በመቱም ሆነ በጎሬ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ተጠቃሚው ነው።

ኮራና በ2011 በአሜሪካ አገር አረፉ። በገጠር ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ የዛፉን ጥላ አይርሳ። የተማረ ሰው ሥራ ፈልጎ ከቢሮው ደጅ ሲቆም የሚያየው ወጣት ሹም ደግሞ የ1949ን ነገር ያስታውስ፤ ያን ጊዜ በአገሩ ቦታ ያጣውን ሰው ሌሎች ተቀበሉት፤ ጂኑም የተሠራው በሰው አገር ነው።